ስኳሩም ጨውም ከደጃፍ፦ ለመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ውድድር የሚደረግ ዝግጅት

በአዋሽ ሰባት ኪሎና በአካባቢዋ የማለዳው አየር ለጥቂት ሰዓታት ልብ ያሳርፋል። ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ግን ሜዳው መጋል፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ያጠራቀመውን ሙቀት መልሶ መትፋት ይጀምራል። እረኛው ከብቱን ወደ ጥላ ይሰበስባል፤ በሽንኩርትና በጥጥ ማሳ የሚውለው ገበሬም ሥራውን ጋብ ያደርጋል። በዚህ ምድር በብስክሌት ለመወዳደር የተነሣ ወጣት የመጀመሪያ ባላጋራው ከጎኑ የተሰለፈው ተወዳዳሪ ሳይሆን ይኸው ሙቀት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ብሂሉ። ጀማሪ ተወዳዳሪን ከመንገድ የሚያስቀረው የእግር ድካም ብቻ አይደለም። ውኃው ያለጊዜው ያልቃል፣ ለውድድር ሲል የበላው እንግዳ ምግብ ሆዱን ይረብሸዋል፣ ወይም ጎማው በእሾህ ተወግቶ መለወጫ ሳይዝ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ከውድድሩ ዕለት አስቀድሞ መፍትሔ ሊበጅላቸው የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። ደግነቱ፣ መፍትሔው ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ የሚገዛ የስፖርተኛ ምግብ አይደለም። ለተወዳዳሪው የሚያስፈልጉት ስኳር፣ ጨውና ቴምር በራሱ በአፋር ምድር የሚገኙ ናቸው።

ውድድሩ ምን ይመስላል?

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ስፖርት አይደለም። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም፣ ከሯጮቹ ጎን እነ ገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን ተሰልፎ ነበር። በ2008 ዓ.ም ክረምት ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ በሩዋንዳዋ ኪጋሊ ተካሂዷል።

የተራራ ብስክሌት ከጎዳናው ውድድር ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክ ውድድር ለመሆን በቅቷል። በአስፋልት ፈንታ በጠጠር፣ በአሸዋ፣ በድንጋያማ አቀበትና ቁልቁለት የሚካሄድ ሲሆን፣ ሁለቱ ዋና ዋና ዓይነቶቹ አጭሩ የዙር ውድድርና ረጅሙ የማራቶን ውድድር ናቸው። በዙር ውድድር ተወዳዳሪዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መንገድ ደጋግመው ይዞራሉ፤ በከፍተኛ ደረጃ የሚደረገው ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይርቅም። የማራቶኑ ውድድር ግን 60 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሰዓታት ይዘልቃል።

ለጀማሪ የሚመረጠው አጭሩ ነው። በዙር ውድድር ተወዳዳሪው በየዙሩ ውኃ ማግኘት ይችላል፤ ቢታመም ወይም ብስክሌቱ ቢበላሽም ከሰው ርቆ አይወድቅም። በሙቀት ምድር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ብስክሌቱና እሾሁ

ለመጀመሪያ ውድድር አዲስና ውድ ብስክሌት ግድ አይደለም። የተስተካከለ ብስክሌት ግን ግድ ነው። በቅድሚያ የሚታየው የኮርቻው ከፍታ ነው። ፔዳሉ ወደ ታችኛው ጫፍ ሲደርስ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት በኩል ይታመማል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ዳሌ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ጀርባን ይጎዳል። ቀጥሎ የሁለቱም ጎማዎች ፍሬን፣ የማርሹ አለዋወጥና የካቴናው ንጽሕና ይፈተሻሉ። አቧራ በበዛበት አካባቢ ዘይት የተነከረ ካቴና አሸዋ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ዘይቱ ከተቀባ በኋላ ትርፉ በጨርቅ መጠረግ ይኖርበታል።

በአዋሽ ሸለቆ ከሁሉም የሚብሰው የጎማ ጉዳይ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን፣ የቦይ ዳርና የመንገድ ዳር ወርሮ ይዟል። ጠንካራ እሾሁ የከብት እግር እንደሚጎዳ አርብቶ አደሩ ያውቃል፤ የብስክሌት ጎማንም አይምርም። በመሆኑም ተወዳዳሪው ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ልጥፍ ከነማስቲሹ፣ ጎማ መፈልቀቂያና አነስተኛ ፓምፕ ይዞ መንቀሳቀስ አለበት። ካላማዳሪያ ውስጥ የሚጨመር ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ከተገኘ ትንንሽ ቀዳዳዎችን በራሱ ይዘጋል። አዲስ ካላማዳሪያ ከማስገባት አስቀድሞ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳስሶ የቀረውን እሾህ መንቀል ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ አዲሱንም ከደቂቃዎች በኋላ ያስወጋዋል።

የአየሩ መጠንም ይለካል። ካላማዳሪያ ላለው የተራራ ብስክሌት እንደ ተወዳዳሪው ክብደት ከ25 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. በቂ ነው። ጎማው እጅግ ከጠጠረ በጠጠር ላይ ይንሸራተታል፤ እጅግ ከላላ ደግሞ ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ጎማ መቀየርን በጥላ ሥር ተቀምጦ ሦስት አራት ጊዜ የተለማመደ ሰው በፀሐይ አይደናገጥም።

የራስ መከላከያ ቆብም ሳያጠልቁ መሰለፍ አይገባም። ቆቡ ግንባር ላይ ዝቅ ብሎ፣ ማሰሪያው አገጭ ሥር ጠበቅ ብሎ ሊታሰር ይገባዋል።

የሦስት ወር ልምምድ

ጤነኛ የሆነና ብስክሌት መንዳት የለመደ ሰው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቢለማመድ ለመጀመሪያ ውድድር ይደርሳል። የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት።

በሳምንት አራት ቀን በቂ ነው። ሁለቱ ቀናት እያወሩ መሄድ በሚያስችል ለስላሳ ፍጥነት የሚነዳባቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን አጭር አቀበት እየተደጋገመ ይወጣል፦ ሦስት ደቂቃ ጠንክሮ መውጣት፣ ሦስት ደቂቃ በቀስታ መውረድ፣ ይህንኑ ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ መደጋገም። አራተኛው ቀን የረጅም መንገድ ቀን ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት ተጀምሮ በየሳምንቱ በ10 እና በ15 ደቂቃ እየጨመረ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። በየአራተኛው ሳምንት የልምምዱ መጠን ቀነስ ይላል፤ ሰውነት የሚጠነክረው በዕረፍቱ ጊዜ ነውና።

የቦታ ምርጫም ትኩረት ይሻል። በአዋሽ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ አውራ ጎዳና የከባድ ተሽከርካሪዎች መተላለፊያ በመሆኑ ለልምምድ አይመችም። የእርሻ ውስጥ ጠጠር መንገዶችና የቦይ ዳር መንገዶች በባለቤቶቹ ፈቃድ የተሻሉ ናቸው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የዱር አራዊት መኖሪያ በመሆኑ ያለ ፓርኩ ፈቃድና ያለ አጃቢ አይገባበትም። ከ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በየስፍራው ስንጥቅ ጥሎ አልፏል። ስለዚህ አዲስ መንገድ በፍጥነት ከመነዳቱ አስቀድሞ በእግር ወይም በቀስታ መታየት ይኖርበታል።

ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ሆነው፣ ተወዳዳሪው ከኮርቻው ተነሥቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ያደርጋል። ዓይኑም ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ጥቂት ሜትሮች ወደፊት ያያል። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን መያዝ ይጥላል። አሸዋው ሳይደረስ ማርሹን አቅልሎ፣ መሪውን ሳይጨብጡ ላላ አድርጎ ይዞ፣ ሳያቋርጡ መርገጥ ነው የሚያሻግረው።

ሙቀትን መልመድ

የሸለቆው ነዋሪ ሙቀትን እንደለመደ ያስባል፤ ሐሳቡም ከፊል እውነት አለው። ሆኖም በጥላ ሥር ተቀምጦ ሙቀትን መቻልና በሙቀት ውስጥ ልብ እስኪመታ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሙቀት ለማውጣት ሰውነት ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ላብም ያመነጫል። ደሙ ግን ለጡንቻም ያስፈልጋል። ውኃ ሲጎድል የደሙ መጠን ስለሚቀንስ ልብ ለሁለቱም ለማዳረስ ይሮጣል፣ ፍጥነት ይወርዳል፣ የሰውነት ሙቀትም ይወጣል።

ሰውነት ከ10 እስከ 14 ቀናት በሚደረግ ተከታታይ የሙቀት ልምምድ ራሱን ያስተካክላል። በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፣ ላብ ፈጥኖ መውጣት ይጀምራል፣ ከላብ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ይህን ለማግኘት እኩለ ቀን ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ አደገኛም ነው። አብዛኛው ልምምድ በማለዳ ይሁንና፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ለስላሳው ልምምድ ቀስ በቀስ ወደ ረፋድ ይገፋል። መጀመሪያ 30 ደቂቃ፣ ኋላም እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይደረጋል። በእነዚህ ቀናት ብቻን መውጣት አይገባም።

ውኃ በሚዛን ሲለካ

ምን ያህል ውኃ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። የአንዱ ላብ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። የራስን መጠን ማወቂያው መንገድ ግን ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገውም ሚዛን ብቻ ነው።

አንድ 62 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወጣት ለአንድ ሰዓት ልምምድ ወጣ እንበል። ከመውጣቱ በፊት ሽንቱን ሸንቶ፣ ልብሱን አቅልሎ ይመዘናል። በመንገድ ላይ ግማሽ ሊትር ጠጣ። ሲመለስ ላቡን ጠርጎ ሲመዘን 61 ኪሎ ግራም ሆነ። የጎደለው አንድ ኪሎ ግራም እንደ አንድ ሊትር ይቆጠራል። የጠጣው ግማሽ ሊትር ሲደመርበት ይህ ወጣት በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ያልበዋል ማለት ነው።

ታዲያ ሁለት ሰዓት ቢወዳደር ሦስት ሊትር ያልበዋል። ሁሉንም መተካት አይጠበቅበትም። ከክብደቱ እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ቢጎድልበት ብዙም ጉዳት አይደርስበትም። የሚቀረው 1.8 ሊትር ነው፤ ለሁለት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 0.9 ሊትር ይሆናል። ይህን በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየተጎነጩ መጠጣት እንጂ ጥም እስኪያቃጥል ጠብቆ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ሆድን ያውካል።

ከመጠን በላይ መጠጣትም ጉዳት አለው። ለሰዓታት እያላበው ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለ ልክ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእጅ ጣት ማበጥ፣ ሲብስም ግራ መጋባትና ራስን መሳት ያስከትላል። ከውድድር ሲመለስ ክብደቱ ከመነሻው ጨምሮ የተገኘ ተወዳዳሪ ከሚገባው በላይ እንደጠጣ ይወቅ።

ስኳር፣ ጨውና ቴምር

ጡንቻና ጉበት ከምግብ የተገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻሉ። ክምችቱ ጠንካራ እንቅስቃሴን የሚሸከመው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሲያልቅ እግር ይከብዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳብም ይበታተናል። በቁልቁለት መሪ ለሚይዝ ሰው የሐሳብ መበታተን መውደቅ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚቆይ ውድድር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል።

በባዕድ አገር ተወዳዳሪዎች ይህን የሚያገኙት በትንንሽ ከረጢት ከታሸገ ጣፋጭ ዝልግልግ ምግብ ነው። ከረጢቱ ሲፈተሽ ግን ውስጡ ያለው በዋናነት ስኳርና ትንሽ ጨው ነው። ሁለቱም ለአፋር ሩቅ አይደሉም። የከሰም ስኳር ፋብሪካ የተተከለው በዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ ነው፤ የአፍዴራ ጨውም ከክልሉ ተነሥቶ የአገሪቱን ገበታ ያዳርሳል።

የውድድር መጠጡ እንዲህ ይዘጋጃል፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አምስት ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ተጨምሮ በደንብ ይማሰላል። ይህ መጠጥ በሊትር 60 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ስኳሩ ከዚህ ብዙ ከበዛ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ውኃውም ቶሎ ወደ ደም አይገባም። መጠጡ ለስፖርት የተመጠነ እንጂ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚተካ አለመሆኑን ቤተሰብ ሊያውቅ ይገባል። የሁለቱ የስኳርና የጨው መጠን ይለያያል።

ማኘክ የሚሻ ቴምር አለለት። ከ8 እስከ 10 ግራም የምትመዝን አንዲት ደረቅ ቴምር ከ6 እስከ 7 ግራም ካርቦሃይድሬት ትሰጣለች፤ ሦስት ፍሬ 20 ግራም ያህል ማለት ነው። መካከለኛ ሙዝ ደግሞ 25 ግራም አካባቢ አለው። የቴምሩ ፍሬ ቤት ውስጥ ወጥቶ፣ ሥጋው በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። በሚንገጫገጭ መንገድ ላይ ፍሬ መትፋት ትንታን ይጋብዛል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለረጅምና ለለስላሳ ልምምድ ጥሩ ስንቅ ናቸው፤ በውድድር ፍጥነት ግን በሚያለከልክ አፍ አይታኘኩም።

ባለ 62 ኪሎው ወጣት ለሁለት ሰዓት ውድድር ስንቁን ሲያሰላ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ሊትር የስኳርና የጨው መጠጥ፣ 0.8 ሊትር ንጹሕ ውኃና ስድስት ቴምር። ከመጠጡ 60፣ ከቴምሩ 40 ግራም ያህል፣ በድምሩ 100 ግራም፣ በሰዓትም 50 ግራም ያገኛል። መጠጡን በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ መጎንጨት ይጀምራል። ረሃብ ከተሰማ በኋላ የሚበላው ምግብ ለጡንቻ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

አንጀትም እንደ እግር ይለማመዳል። ስለዚህ ይህ ሁሉ በረጅሙ መንገድ ቀን ደጋግሞ መሞከር አለበት። በልምምድ ያልተበላና ያልተጠጣ ነገር በውድድር ዕለት አፍ ውስጥ አይገባም።

የመጨረሻዎቹ ቀናትና ቁርስ

በመጨረሻው ሳምንት የልምምዱ ርዝመት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ አልፎ አልፎ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መፍጠን ግን አይቀርም። ሁለት ቀን ሲቀረው ከገበታው ላይ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ድንችና እንጀራ ይበዛሉ፤ ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና ብዙ ባቄላ ይቀነሳሉ። በዋዜማው እራት በጊዜ ይበላል፤ በቀኑም ውኃ ዘወትር ከሚጠጣው ትንሽ ጨመር ይደረጋል።

ቁርስ ከውድድሩ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ቢሆን ይመረጣል። ውድድሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መነሣት ግድ ይላል፤ በረመዳን ለሱሑር መነሣት የለመደ ቤት ይህ ሰዓት አያስቸግረውም። ባለ 62 ኪሎው ወጣት 150 ግራም ያህል ዳቦ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና አንድ ሙዝ ቢበላ 115 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ይህም ለክብደቱ በቂ ነው። በሶ የለመደ በውኃና በማር በጥብጦ ቢጠጣው፣ የነጋዴውና የመንገደኛው የጥንት ስንቅ ለብስክሌተኛም ይሠራል። በርበሬ የበዛበት ፍርፍርና ያልተለመደ ወተት ግን ለሌላ ቀን ይቆዩ። ቡና የለመደ አንድ ሁለት ስኒ ቢጠጣ አይጎዳውም።

ጾም፣ ጫትና የሕመም ማስታገሻ

በረመዳን የሚጾም ተወዳዳሪ በቀን ሙቀት ጠንካራ ልምምድ ሊያደርግ አይገባም። ለስላሳው ልምምድ ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት፣ ጠንከር ያለው ደግሞ ካፈጠረ በኋላ ይደረጋል። በቴምርና በውኃ የማፍጠር ልማድ ራሱ ለደከመ ሰውነት የሚስማማ ነው። ከተቻለ የመጀመሪያውን ውድድር ከጾሙ ወራት ውጭ መምረጥ ይበጃል። ለኦርቶዶክስ ጾመኛ ቴምር፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝና ሙዝ ሁሉም የጾም ምግቦች በመሆናቸው የሚቸግረው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን የሚበላበት ሰዓት ነው።

ጫት እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ያሳጣል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል፤ ከሙቀትና ከድካም ጋር ሲደረብ ለልብ ሸክም ነው። በተጨማሪም ጫት ውስጥ የሚገኙት ካቲኖንና ካቲን በዓለም አቀፉ የጸረ አበረታች መድኃኒት ደንብ በውድድር ጊዜ ከተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ካቲን በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ያስቀጣል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ከውድድር በፊት መዋጥም፣ ውኃ የጎደለበት ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል መወገድ አለበት።

በመነሻው መስመር ላይ

ተወዳዳሪው ቀደም ብሎ ደርሶ መንገዱን አንድ ጊዜ በቀስታ ይዞራል። አሸዋው የት እንደሆነ፣ ውኃ የሚሰጠው የት እንደሆነ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሚጠመዝዝ ያያል። የውድድሩን ደንብም አስቀድሞ ያነባል። በብዙ ውድድሮች ከውጭ ሰው ውኃና እርዳታ መቀበል የሚፈቀደው በተወሰነው ስፍራ ብቻ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ይፈተለካል። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያለ ልክ የፈጠነ ሰው ግላይኮጅኑን ያባክናል፣ ሰውነቱንም ያግላል፤ በሙቀት ምድር ያንን መልሶ ማቀዝቀዝ ከባድ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ትክክለኛ ምክር ነው። በመጀመሪያው ዙር በርካቶች ቢያልፉትም፣ አቅሙን የቆጠበ ተወዳዳሪ በመጨረሻው ዙር ብዙዎቹን በጥላ ሥር ቆመው ያገኛቸዋል። ውኃ ከተረፈ በአንገትና በክንድ ላይ ማፍሰስም ይረዳል፤ የሚጠጣው ግን ይቀድማል።

ማቆም የሚገባበት ጊዜ

በሙቀት የሚመጣ አደጋ ምልክት አለው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የጡንቻ መኮማተርና ብርድ ብርድ ማለት ሲሰሙ ተወዳዳሪው ፍጥነቱን ጥሎ፣ ጥላ ፈልጎ፣ መጠጣት አለበት። ንግግሩ ከተወላገደ፣ ከተንገዳገደ፣ የጠየቁትን ካልመለሰ ወይም ራሱን ከሳተ በሙቀት ተመትቷል ማለት ነው፤ ይህ ሕይወትን የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው። ላብ እየወረደው እንኳ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሕክምና ለመውሰድ ተሽከርካሪ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም። ወዲያውኑ ወደ ጥላ ይወሰዳል፤ ቆቡና ልብሱ ይወልቃል፤ ሙሉ ሰውነቱ ላይ ውኃ እየፈሰሰ በጨርቅ ይራገብለታል። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ከተገኘ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ይደረጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። ማቀዝቀዙ ሳይቋረጥ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። የውድድር አዘጋጆችም ውድድሩን በማለዳ መጀመር፣ በየዙሩ ውኃና ጥላ ማዘጋጀት፣ የጤና ባለሙያም በስፍራው ማቆም ይጠበቅባቸዋል።

ውድድሩን አቋርጦ መውጣት ነውር አይደለም። ዛሬ ያቆመ ሰው ሌላ ጊዜ ይሰለፋል።

ከቆላ ወደ ደጋ

የአዋሽ ወይም የሰመራ ወጣት የመጀመሪያ ውድድሩ በደጋ ሊሆን ይችላል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሰመራ ከዚያም ዝቅ ትላለች። በአዲስ አበባ ራስጌ ያለው እንጦጦ ግን 3,000 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ስለሚሳሳ የቆላው ተወዳዳሪ በለመደው ፍጥነት ቢነሣ ትንፋሹ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆረጣል። መፍትሔው ዝቅ ባለ ፍጥነት መጀመር፣ አቀበቱን በቀላል ማርሽ መውጣት፣ ቢቻል ከሳምንትና ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሶ አየሩን መልመድ ነው። ብርዱ ጥምን ቢያስረሳም ደረቅ አየርና ፈጣን ትንፋሽ ውኃ ስለሚወስዱ መጠጡ አይቀርም።

ከውድድሩ በኋላ

መስመሩን ያለፈ ተወዳዳሪ በቀጣዩ አንድ ሰዓት ውስጥ ውኃ፣ ጨው ያለበት ምግብና ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የሸለቆው የግመል ወተት ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ያህሉ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ጥሬ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን ስለሚያስተላልፍ ግን ፈልቶ መጠጣት አለበት። እንቁላል በዳቦ ወይም ምስር በእንጀራም እኩል ይሠራሉ።

ይህ ዕውቀት ለብስክሌተኛ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሰኔ ፀሐይ ጥጥ የሚያርመው ገበሬ፣ ሽንኩርት የሚጭነው የቀን ሠራተኛ፣ ከብት ተከትሎ ቀኑን ሙሉ የሚጓዘው አርብቶ አደር ሁሉ ያልባቸዋል፤ ሁሉም በሙቀት ሊመቱ ይችላሉ። ሥራን በማለዳ መጀመር፣ ውኃን በየጊዜው መጎንጨት፣ ላብ የወሰደውን ጨው መመለስ፣ ንግግሩ የተወላገደውን ባልንጀራ ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ለሁሉም ይሠራል። ከልጁ ጋር ሚዛኑንና ማንኪያውን ይዞ ስንቅ ያሰላ ቤተሰብ፣ በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ለራሱም የሚያሰላው ይኖረዋል።